ቀስ ብሎ የሚወርድ ውሃ፦ ስለ ዝግተኛ የአሸዋ ማጣሪያ የተደረገ ንግግር

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን አረፈዳችሁ?

የውሃ ኮሚቴ አባላት፣ የጤና ባለሙያዎች፣ መሐንዲሶች፣ ሁላችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኋላ የተቀመጣችሁ ግንበኞችና የቧንቧ ሠራተኞች ደግሞ ወደ ፊት ብትመጡ ደስ ይለኛል። የዛሬው ነገር ከማንም በላይ እናንተን ይመለከታል። ኑ፣ ቦታ አለ። አመሰግናለሁ።

ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛ፣ ዝግተኛ የአሸዋ ማጣሪያ ውሃን የሚያጠራው በምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ስንሠራው ምን ምን እንጠንቀቅ? ሦስተኛ፣ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ማን ይይዘዋል? ሦስተኛው ላይ ሰፋ አድርጌ ልቆይ እችላለሁ፤ ታገሡኝ። የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

እሺ፣ ከመጀመሪያው እንነሳ።

አንድ የግንብ ገንዳ አስቡ። ከታች ጠጠር አለ። በላዩ አንድ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ደቃቅ አሸዋ። ከአሸዋው በላይ ደግሞ አንድ ሜትር ያህል የወንዝ ውሃ ተኝቷል። ውሃው በገዛ ክብደቱ በአሸዋው ውስጥ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከጠጠሩ ሥር ባለው ቧንቧ ይወጣል። ሞተር የለም። መብራት የለም። ኬሚካል የለም። ከሚወጣው ውሃ ውስጥ ግን ተቅማጥ፣ ታይፎይድና ኮሌራ የሚያመጡት ጀርሞች አብዛኞቹ ጠፍተዋል። እንዴት?

"አሸዋው ያስቀራቸዋላ!" ትሉኛላችሁ። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ ነው። እስቲ አብረን እናስላው። ለዚህ ሥራ የምንመርጠው አሸዋ መጠኑ ከ0.15 እስከ 0.35 ሚሊሜትር ነው። በቅንጣቶቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት የሚሊሜትር 20ኛ እጅ ገደማ ይሆናል። አንድ ባክቴሪያ ደግሞ የሚሊሜትር 1,000ኛ እጅ ገደማ ነው። ሃምሳ ባክቴሪያ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ በዚያ ክፍተት ማለፍ ይችላል! እንግዲህ ማጣሪያው ወንፊት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጀርም ሁሉ ሰተት ብሎ ባለፈ ነበር።

ግን አያልፍም። የማያልፈው ማጣሪያው ሕይወት ስላለው ነው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ። ማጣሪያው ሕይወት አለው። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህንን አትርሱ።

የወንዝ ውሃ ብቻውን አይመጣም። ደቃቅ አፈር፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ አልጌ፣ ባክቴሪያ፣ ባክቴሪያ የሚበሉ፣ ፕሮቶዞዋ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ይዞ ይመጣል። እነዚህ አሸዋው አናት ላይ ያርፋሉ፤ ይራባሉ። ከቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ አንድ የሚያሟልጭ፣ ቡናማ ወይም አረንጓዴ ሽፋን ይሠራሉ። ውፍረቱ ከአንድ ከሁለት ሳንቲሜትር አያልፍም። ይህ ሽፋን ሙጫ አለው። ጀርሙ ሊያልፍ ሲል ይጣበቃል፤ ከተጣበቀ ደግሞ ይበላል። ከሽፋኑ በታችም እስከ 30 እና 40 ሳንቲሜትር ድረስ እያንዳንዷ የአሸዋ ቅንጣት ያንኑ ሙጫ በስሱ ትለብሳለች። ከላይ ያመለጠው እዚያ ይያዛል። እየወረደ በሄደ ቁጥር ምግብ ያጥረዋል፤ በረሃብ ያልቃል።

ቦታው ጠባብ እንዳይመስላችሁ። የአንድ ሜትር ኩብ አሸዋ ቅንጣቶች ገጽ ሁሉ ቢዘረጋ ከአንድ ሄክታር በላይ ይሸፍናል። ጀርሙ ያንን ሁሉ እየተሻሸ ነው የሚወርደው።

ታዲያ ይህ ሁሉ የሚሆነው ውሃው ቀስ ካለ ብቻ ነው። ስንት ቀስ? በሰዓት ከ10 እስከ 20 ሳንቲሜትር። በሰዓት 10 ሳንቲሜትር ማለት ከመዳፌ ስፋት ብዙም አይበልጥም። በከተሞች ያሉት ፈጣን ማጣሪያዎች በሰዓት 5 ሜትርና ከዚያ በላይ ያወርዳሉ፤ እነሱ ግን ኬሚካልና ኃይል ይፈልጋሉ፤ አሠራራቸውም ሌላ ነው። የእኛው እስካልተጣደፈ ድረስ ከ100 ባክቴሪያ ከ90 እስከ 99 የሚሆነውን፣ ደህና ሲያዝ ከዚያም በላይ ያስቀራል። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለውን፣ ክሎሪን የማይበግረውን የተቅማጥ ጀርም ሳይቀር ይይዛል።

"ይሄ የድሃ ዘዴ ነው" የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙኛል። አንድ ጊዜ በአንድ ስብሰባ ላይ አንድ ወጣት መሐንዲስ ተነስቶ "እኛ እስከ መቼ ነው አሮጌ ነገር የሚሰጠን?" ብሎ በቁጣ ጠየቀኝ። ቁጣው ገብቶኛል። ለገጠሩ ሰው የተረፈ ነገር ሲወረወርለት ማየት ያማል። ግን ይህ የተረፈ ነገር አይደለም። ለንደን እ.ኤ.አ. በ1829 በመሐንዲሱ ጄምስ ሲምፕሰን አማካይነት ይህንኑ ማጣሪያ ጀመረች፤ ዛሬም ድረስ ከከተማዋ የመጠጥ ውሃ ብዙው በዝግተኛ የአሸዋ ማጣሪያ ያልፋል። ድሃ ስለሆኑ ነው? አይደለም። ስለሚሠራላቸው ነው።

ስለ ሃምቡርግም ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1892 በነሐሴ ወር፣ ጀርመን አገር፣ ኮሌራ ገባ። ሃምቡርግና አልቶና ጎን ለጎን የተገጣጠሙ ሁለት ከተሞች ነበሩ። ሁለቱም የሚጠጡት ከኤልበ ወንዝ ነው። ሃምቡርግ ውሃዋን ከከተማዋ በላይ ትቀዳለች፤ አታጣራም። አልቶና ደግሞ የባሰ ነበር፤ የሃምቡርግ ፍሳሽ ከተቀላቀለ በኋላ፣ ከታች ነው የምትቀዳው። ግን በአሸዋ ታጣራለች። ምን ሆነ? ሃምቡርግ ውስጥ ከ8,000 በላይ ሰው ሞተ። አልቶና በአብዛኛው ተረፈች። ድንበር በሆነው መንገድ ላይ በአንዱ ጎን ያሉ ቤቶች ታመሙ፤ ከማዶ ያሉት ዳኑ። አየሩ አንድ፣ አፈሩ አንድ፣ ሰዉ አንድ። ልዩነቱ ውሃው ብቻ ነበር። ይህን ያጠናው ሮበርት ኮኽ ነው፤ የኮሌራን ባክቴሪያ ለይቶ ያሳየው ሰው።

ታሪኩን የሚያውቁ ብዙ ሰዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። እኔ ግን ቀጣዩን እወደዋለሁ። በዚያው ዓመት የብርድ ወራት አልቶና ራሷ ውስጥ ኮሌራ ታየ። ኮኽ ተከታትሎ አንድ ማጣሪያ ላይ ደረሰ። ሲጸዳ አሸዋው በብርድ በረዶ ሆኖ ነበር፤ ሽፋኑም በደንብ ሳይሠራ ሥራ ጀመረ። አሸዋው አለ፣ ግንቡ አለ፣ ቧንቧው አለ። ሕይወቱ ተጓድሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ኮኽ ከእያንዳንዱ ማጣሪያ የሚወጣው ውሃ ለየብቻ ይመርመር አለ። ሁሉንም አንድ ላይ ቀላቅላችሁ ከመረመራችሁ የታመመውን አታገኙትም። የጤና ባለሙያዎች፣ ይህቺን ጻፉልኝ።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። አሠራሩ።

መጀመሪያ ስፋቱ። አንድ መንደር 500 ሰው አለው እንበል። ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ብንይዝ 10,000 ሊትር ነው፤ 10 ሜትር ኩብ። አንድ ካሬ ሜትር አሸዋ በሰዓት 10 ሳንቲሜትር እያወረደ በ24 ሰዓት 2.4 ሜትር ኩብ ይሰጣል። ስለዚህ 4.2 ካሬ ሜትር ገደማ ይበቃናል። 500 ሰው! ከአንድ ትንሽ ክፍል የማይበልጥ ቦታ። ግን አንድ ገንዳ አትሥሩ። ሁለት አድርጉት፤ እያንዳንዱ ከ2 ካሬ ሜትር ትንሽ ከፍ ይበል። አንዱ ሲጸዳ ሌላው በሰዓት 20 ሳንቲሜትር ሆኖ መንደሩን ይዞ ይቆያል። ሕዝብ እንደሚጨምርም አስቡና ሰፋ አድርጉት።

24 ሰዓት ያልኩትን ልብ ብላችኋል? ማጣሪያው ሌሊትም መሥራት አለበት። በሽፋኑ ውስጥ ያሉት ነፍሳት ኦክስጂን ይፈልጋሉ፤ ኦክስጂኑን ይዞላቸው የሚመጣው የሚወርደው ውሃ ነው። ማታ ቫልቩን ዘግታችሁ ጠዋት ብትከፍቱ የታፈነ፣ የሚሸት ውሃ ይቀበላችኋል። ሰው ደግሞ የሚቀዳው ጠዋትና ማታ ነው። ስለዚህ የሌሊቱ ውሃ የሚጠራቀምበት ክዳን ያለው ታንከር የግድ ነው። ብር አጠረ ሲባል መጀመሪያ የሚሰረዘው ይህ ታንከር ነው። እባካችሁ አታሰርዙ። ታንከሩ ከሌለ ቫልቩ ማታ ማታ መዘጋቱ አይቀርም።

ግንበኞች፣ አሁን ለእናንተ። የገንዳውን የውስጥ ግድግዳ አታለስልሱት። ልስላሴ የግንበኛ ኩራት መሆኑን አውቃለሁ። እዚህ ግን አሸዋው የሚነካውን ክፍል ሻካራ አድርጋችሁ ተዉት። ግድግዳው ልስልስ ከሆነ ውሃው በግድግዳና በአሸዋ መካከል ሾልኮ ሳይጣራ ይወርዳል። መውጫውን ደግሞ ከአሸዋው አናት ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ አጥፉት። እንደዚያ ከሆነ መግቢያው ቢዘጋ እንኳ ውሃው ከአሸዋው በታች አይወርድም፤ አሸዋው አይደርቅም። አሸዋው ከደረቀ ሕይወቱ አለቀ። ሲሞላም መጀመሪያ ንጹሕ ውሃ ከታች ወደ ላይ ነው የሚለቀቀው፤ በአሸዋው መካከል የተደበቀው አየር በላይ እየተንፈቀፈቀ እንዲወጣ።

ስለ አሸዋውም። ጠዋት ስትገቡ በር ላይ "አሸዋ ይዛችሁ የመጣችሁ እዚህ አስቀምጡ" የሚል ጽሑፍ አይታችኋል። በርከት ያላችሁ ይዛችኋል፤ ደስ ብሎኛል። አሸዋ ሲመጣ ዓይናችሁን አትመኑ። በብርጭቆ ጠርሙስ ግማሽ አሸዋ፣ ከላዩ ንጹሕ ውሃ አድርጉና በደንብ በጥብጡት። አስቀምጡት። ጥቂት ሴኮንዶች ቆይታችሁ ከአሸዋው በላይ ያለውን ውሃ እዩ። ደፍርሶ ከቀረ አሸዋው ገና ጭቃ አለበት፤ ይታጠብ። እንደገና ይታጠብ። ያልታጠበ አሸዋ የገባበት ማጣሪያ ለሳምንታት ድፍርስ ሲተፋ ይኖራል፤ ሰዉም "ይሄ ነገር አይሠራም" ብሎ ፊቱን ያዞራል።

የሚገባውም ውሃ ቢሆን። ይህ ማጣሪያ ጭቃ አይወድም። ድፍርስነቱ ከ10 ኤንቲዩ በታች ቢሆን ነው የሚመቸው (ኤንቲዩ የድፍርስነት መለኪያ ነው)፤ ለጥቂት ቀናት እስከ 50 ይችላል። መለኪያ መሣሪያ የለንም ትሉኛላችሁ። ባለ 2 ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ሙሉ ውሃ አድርጉና የታተመ ጽሑፍ ላይ አቁሙት። በአፉ በኩል ወደ ታች ተመልከቱ። ትላልቁ ፊደል ካልታያችሁ ውሃው ከ50 በላይ ነው፤ አታስገቡት። ዝናብ ሲጥል ወንዙ ይደፈርሳል፤ ስለዚህ ከፊቱ ጭቃው የሚዘቅጥበት ማረጊያ ገንዳ ወይም የጠጠር ማጣሪያ ያስፈልጋል። ውሃው በጠጠሩ ውስጥ እያለፈ ጭቃውን ጥሎ ይመጣል።

የማይችለውንም ልንገራችሁ። ፍሎራይድ አያወጣም። ጨው አያወጣም። አርሴኒክ ላይም አትመኑት። ከማዕድን ማውጫ ወይም ከፋብሪካ የሚመጣ ኬሚካልን አይችልም። ውሃው እንዲህ ያለ ችግር ካለበት ሌላ ምንጭ ፈልጉ። ክሎሪንም የምትጨምሩ ከሆነ ከማጣሪያው በኋላ ይሁን። በፊት ካደረጋችሁት ሕያው ሽፋኑን በገዛ እጃችሁ ገደላችሁት።

አሁን ሦስተኛው ነገር። ማን ይይዘዋል?

አንድ መንደር ሄጄ ያየሁትን ልንገራችሁ። ማጣሪያው ተመርቆ፣ ሪባን ተቆርጦ፣ ፎቶ ተነስቶ ነበር። ስሄድ አሸዋው ላይ ሣር በቅሏል። ቀልድ አይደለም፤ ሣር! ሽፋኑ ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ፣ ጫፍ ጫፉ ወደ ላይ ተቆልምሟል። በእጄ ሳነሳው ተፈረካከሰ። ሴቶቹ ከገንዳው አጠገብ አልፈው ወንዝ ወርደው ይቀዳሉ። ምን ሆነ ብዬ ጠየቅኩ። ታሪኩ አጭር ነው። ጠባቂ ተብሎ የተመደበው ልጅ ደመወዝ አልተቆረጠለትም ነበር። ለጥቂት ጊዜ በነጻ ሠራ፤ ከዚያ ሥራ ፍለጋ ሄደ። አሸዋው ሳይጸዳ ቆየና ተደፈነ፤ ውሃው ቀነሰ። ሰው ተማረረ። አንዱ መጥቶ መውጫውን ቫልቭ እስከ ጥግ ከፈተው። ምንም አልመጣም። ሌላው ደግሞ የላይኛውን አሸዋ በአካፋ ዝቆ አወጣው። ከዚያ ሁሉም ትቶት ሄደ።

እነዚህ ሰዎች ምን አጠፉ? ምንም። ማጣሪያው ሕይወት እንዳለው ማንም አልነገራቸውም። ግንብ ተሰጣቸው፤ ግንብ ደግሞ ጠባቂ አይፈልግም ብለው አሰቡ። እኔ የምወቅሰው ለሲሚንቶ በጀት ይዞ ለጠባቂው ያልያዘውን ነው። ማጣሪያው እንደ ከብት ነው፤ ገዝታችሁ በረት ውስጥ ዘግታችሁበት አትሄዱም።

ሌላ መንደር ደግሞ አለ። እዚያ ማጣሪያውን የምትይዘው አንዲት እናት ናት። ማንበብ አትችልም። ግን ግድግዳው ላይ በቀለም ያሰመረችው መስመር አለ። አሸዋው ሲደፈን ከላይ የተኛው ውሃ ከፍ እያለ ይመጣል። መስመሩ ጋ ሲደርስ የጽዳት ቀን ነው። ከሳምንታት እስከ ወራት ሊቆይ ይችላል፤ እሷ ግን የምትቆጥረው ቀን የላትም፤ መስመሩን ነው የምታየው።

የጽዳት ቀን አብሬያት ዋልኩ። መግቢያውን ዘጋች። ውሃው ከአሸዋው አናት በታች አንድ ስንዝር ያህል እስኪወርድ ጠበቀች። ሳንቃ ዘረጋች፤ አሸዋው ላይ በባዶው አይረገጥማ። ከዚያ በጠፍጣፋ አካፋ ላዩን መላጥ ጀመረች። አንድ ወይም ሁለት ሳንቲሜትር ብቻ። እኔ አካፋውን ተቀብዬ ትንሽ ገባ ሳደርገው ክንዴን ያዘችኝ። "ልጄ፣ ቆዳውን ብቻ ነው። ሥጋውን አትንካብኝ" አለችኝ። በሥነ ሕይወት መጽሐፍ ከተጻፈው ይልቅ የገባኝ ይህ ነው። የተላጠውን አሸዋ በባልዲ እያወጣች አጠበችው፤ ፀሐይ ላይ አሰጣችው፤ ለሌላ ጊዜ አስቀመጠችው። ሥራው ከግማሽ ቀን አላለፈም። መቸኮል ያለበት እዚህ ላይ ብቻ ነው፤ ከታች ያሉት ነፍሳት ሳይደርቁ ውሃ መመለስ አለበት። ከታች በኩል በንጹሕ ውሃ ሞላችው፤ ከዚያ ከላይ ለቀቀችው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ውሃ ለመጠጥ አታወጣውም። ወደ ጓሮ አትክልት ትለቀዋለች። ሁለተኛው ገንዳ መንደሩን ይዟል።

አሸዋው እየተላጠ እየተላጠ ውፍረቱ ግማሽ ሜትር ገደማ ሲደርስ የታጠበው ይመለሳል። ሲመለስም አሮጌው አሸዋ ከላይ ይሁን፣ አዲሱ ከሥሩ ይግባ። ሕይወቱ ያለው አሮጌው ላይ ነው፤ ከላይ ከሆነ ማጣሪያው ቶሎ ይበስላል።

ይህቺ እናት ደመወዝ አላት። ትልቅ አይደለም፤ ግን በየወሩ ይመጣል። ኮሚቴው ከየቤቱ ይሰበስባል፤ ደብተሩ በአደባባይ ይነበባል። ምትክም አላት፤ ስትታመም ልጇ ሳትሆን በኮሚቴው የተመረጠ ሌላ ሰው ይተካታል። የውሃ ኮሚቴ አባላት፣ እለምናችኋለሁ። ሲሚንቶው ከመምጣቱ በፊት ሰውየውን ወይም ሴትየዋን ምረጡ። ስንት እንደሚከፈላቸው ቀድማችሁ ተስማሙ። ግንባታው ላይም ከመጀመሪያው ቀን ይኑሩ፤ ጠጠሩ ሲነጠፍ፣ አሸዋው ሲታጠብ ይዩ። ገንዳው ውስጥ ምን እንዳለ ያላየ ሰው እንዴት ይንከባከበዋል?

አዲስ ማጣሪያ የምታስመርቁም ካላችሁ የምርቃቱን ቀን አታስቸኩሉ። የመጀመሪያ ቀን የሚወጣው ውሃ ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል። ጥራቱ ዓይን ይማርካል፤ ግን ሽፋኑ ገና አልተሠራም፤ ጀርሙ እያለፈ ነው። አንድ ቦታ ላይ እንግዶች ተጠርተው፣ ድንኳን ተጥሎ፣ ውሃው ገና አልበሰለም ብለን ስንከራከር አረፈድን። ኮሚቴው ውስጥ አንድ ሽማግሌ ተነሱና "እንግዳው ይምጣ፣ ይብላ፣ ይሂድ፤ ውሃው ግን ሲደርስ ይጠጣል" አሉ። በዚሁ ተስማማን። ውሃው ተመርምሮ እስኪያልፍ ድረስ ለከብት ዋለ። ሰዉ የቀዳው ከዚያ በኋላ ነው።

ቤታችሁ ውስጥ ለብቻችሁ መሥራት ለምትፈልጉም መንገድ አለ። ዴቪድ ማንዝ የሚባሉ የካናዳ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለቤተሰብ የሚሆን አነስተኛ የአሸዋ ማጣሪያ ሠርተዋል። እሱ በየጊዜው እየተቋረጠም ይሠራል፤ ምክንያቱም በአሸዋው ላይ የሚቆየው ውሃ 5 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ አየር ወደ ሽፋኑ ይደርሳል። እሱን ከሰዓት በኋላ እናየዋለን።

አሁን ጠረጴዛው ላይ ጠርሙሶች አሉ። አሸዋ ይዛችሁ የመጣችሁ በየተራ ኑ፤ በጥብጣችሁ አስቀምጡ፤ ሁላችንም አብረን እንይ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። ከግንበኞቹ እንጀምር።